ገደሉ ዛፍ ነበር፦ ከጣና ዳር የአንድ ካርታ ታሪክ

ስልኩ የተደወለልኝ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ደዋዮቹ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች ናቸው። "የሐይቁን ወለል የሚያሳይ ሥዕል አሠርተን ነበር፤ ግራ ገባን። አንተ የካርታ ሰው ነህ አሉን። እስቲ መጥተህ እየው።"

ሄድኩ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ያምራል። ውኃው ተገፎ ወለሉ ብቻ ቀርቷል። ዳሩ ቀይ፣ ዝቅ ሲል ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ሰማያዊ። ዳሩ ላይ መሬቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሊማሊሞን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እንደዚያ ያለ ገደል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ሲደርስ ሐይቁ ይሸሻል። ያኔ ጀልባዎቹ ማረፊያቸው አጠገብ ጭቃ ይነካሉ። ሞተር ይሞቃል፣ እንግዳ ይበሳጫል፣ ነጂው ሱሪውን ጠቅልሎ ወርዶ ይገፋል። ስለዚህ ማረፊያውን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን እናዛውረው የሚል ሐሳብ መጣ። ሥዕሉን የሠራላቸው ባለሙያም "አዲሱ ቦታ ላይ ወለሉ በአንዴ ስለሚወርድ ጀልባው በበጋም ዳር ድረስ ይገባል" አላቸው። መዋጮ ተጀመረ።

አንድ ሰው ብቻ እምቢ አሉ። ጣና ላይ ያረጁ ካፒቴን ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። "እዚያ ቦታ በልጅነቴ በታንኳ ዓሣ አጥምጄበታለሁ" አሉ። "ቀርከሃዬ ጭቃ ይነካ ነበር። ይሄን ገደል ማን ቆፈረው?"

ጥያቄያቸው የእኔ ሥራ ሆነ።

ጣና ምጣድ ላይ

ጣና ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ ሐይቅ ግን አይደለም። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን ከ14 እና ከ15 ሜትር አይዘልም። ይህን በቁጥር መስማትና በዓይን ማየት ይለያያል። ስለዚህ ለባለጀልባዎቹ በምጣድ አስረዳኋቸው። ጣናን ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ምጣድ ልክ ብናሳንሰው ጥልቀቱ ስንት ይሆናል? የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። እንጀራው ራሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል።

እንግዲህ ወረቀት ላይ ገደል አይኖርም። የውኃ ወለልን በስሪዲ (ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ባለው ሥዕል) የሚያሳይ ሰው ሁሉ በዚህ ምክንያት ቁመቱን ያጋንናል። ማጋነኑ ነውር አይደለም። ባሕር የሚያጠኑ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ካላጋነኑ የውቅያኖስ ወለል እንኳ አብዛኛው ሜዳ መስሎ ይታያል። ነውሩ ማጋነኑን አለመናገር ነው።

ፋይሉን በፍላሽ ሰጡኝና ኪውጂአይኤስ ላይ ከፈትኩት። ኪውጂአይኤስ በነጻ የሚገኝ የካርታ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የስሪዲ ማሳያ አብሮት ይመጣል። ማሳያው ውስጥ ቁመትን የምታባዛባት አንዲት ሳጥን አለች። 1 ካልካት መሬቱን እንዳለ ታሳይሃለች። የእነሱ ላይ 60 ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ስለ 60 አንድም ቃል አይናገርም።

60ውን አጥፍቼ 1 አልኩት። ስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ ነገር ቀረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና "ጠፋ እንዴ?" አሉኝ። "አይ ጋሼ፣ ጣና ይሄ ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የተግባባነው።

ገደሉ ከየት መጣ?

60 እጥፍ ማባዛት ብቻውን ገደል አይሠራም፤ የሚባዛ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የየብሱ ከፍታ ከየት እንደመጣ ፈለግኩ። የተወሰደው ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. ለ11 ቀን ምድርን እየዞረች በራዳር ከለካችው ዳታ ነው። ዳታው በነጻ ይገኛል። በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር አለው። እኔም ብዙ ሥራ ሠርቼበታለሁ፤ ለተራራና ለሸለቆ ግሩም ነው።

ለሐይቅ ዳር ግን ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛው፣ ሐይቁ እዚያ ውስጥ እንደ መስታወት ዝርግ ነው። ራዳሩ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ አዘጋጆቹም ሐይቆችን ሆን ብለው አንድ ከፍታ ሰጥተው ደልድለዋቸዋል። ስለዚህ ከዚህ ዳታ ብቻ ስለ ወለሉ የሚገኝ ወሬ የለም። ሌላ ዓይነት የሳተላይት ምስል ጥርት ባለ ባሕር ውስጥ እስከ ተወሰነ ጥልቀት ድረስ ለማየት ያስችላል፤ የጣና ውኃ ግን አፈር የተሸከመ ስለሆነ ያም አያዋጣም።

ሁለተኛው ጣጣ ዛፍ ነው። ራዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲያገኝ እስከ መሬቱ አይወርድም፤ ቅጠልና ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። አዲሱ ቦታ ዳር ዳሩን ትልልቅ ዋርካዎች የተሰለፉበት ነው። በዳታው መሠረት ዳሩ ከውኃው በ10 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በማግስቱ ሄጄ በሜትር ለካሁት። አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ቀሪው ዋርካ ነው። ያ 10 ሜትር በ60 ሲባዛ 600 ሜትር ይሆናል። ሊማሊሞ ተገኘ።

የውኃው ውስጥ ቁልቁለትስ? ባለሙያው በጀልባ የለካው የመጀመሪያ ነጥብ ከዳር 70 ሜትር ይርቃል። ከዳር እስከዚያ ድረስ ምንም ነጥብ የለም። ሶፍትዌሩ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። ሁለት ነጥብ ከሰጠኸው መሐሉን ራሱ አስቦ ይሞላዋል፤ ይህንንም ኢንተርፖሌሽን ይሉታል። ሰው ቢሆን "እዚያ አልደረስኩም" ይል ነበር። ሶፍትዌሩ ግን ከዋርካው ጫፍ እስከ ጭቃው ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና ቀለም ቀባው።

ከሁሉም የከፋው ግን ሥዕሉ ላይ የማይታይ ነው። ልኬቱ የተወሰደው በጥቅምት ነው። ጣና በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ክረምቱ አልፎ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ይጎድላል። በጥቅምት ሁለት ሜትር ያገኘህበት ቦታ በግንቦት ጉልበት የማይሞላ ውኃ ነው። ጀልባ የሚቸገረው ደግሞ በግንቦት ነው።

ዜሮው የት ነው?

ለሥራው ትልቁን ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ጥያቄ ነው። ጥልቀት የሚባለው ከየት ተነስቶ ነው? "ከውኃው ፊት" ይላል ሁሉም። የትኛው ቀን ውኃ?

ጣና ደግሞ እንደ ተፈጥሮው ብቻ የሚሄድ ሐይቅ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሚወጣውን ውኃ የሰው እጅ ይቆጣጠረዋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በሌላ አቅጣጫ በዋሻ መሳብ ጀምሯል። የድሮ ሰው "ሐይቁ በዚህ ወር እዚህ ድንጋይ ይደርሳል" የሚለው ልምድ አሁን ሁልጊዜ አይሠራም። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ በምሬት።

በ1995 ዓ.ም. የሆነውንም የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። ድርቅ ነበር፤ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀውም ውኃ ብዙ ነበር። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ ትልልቆቹ ጀልባዎችም ለወራት ቆሙ። ያ ቁጥር ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ትልልቅ ጀልባዎች በጣና ላይ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ከፍታ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱው 1,785 ነው።

ስለዚህ ዜሮአችንን 1,785 ላይ አደረግነው። ካርታው ላይ "1 ሜትር" ካለ ሐይቁ 1,785 ላይ ሲሆን እዚያ ቦታ አንድ ሜትር ውኃ አለ ማለት ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ነጂው የዕለቱን ጭማሪ በራሱ ይደምራል። ለጀልባ ሰው ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ከባድ የነበረው የእኔ ሥራ ነው፤ በየቀኑ የለካሁትን ሁሉ ወደዚህ ዜሮ መመለስ ነበረብኝ። ማረፊያው አጠገብ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያለበት እንጨት ተከልን። ልኬት ስንጀምርና ስንጨርስ ውኃው የት ላይ እንዳለ እናነባለን። ያንን ከሐይቁ የከፍታ መለኪያ ጋር አገናኘነው።

አራት ጧት

የምንለካበት መሣሪያ ተራ የዓሣ ፈላጊ ሶናር ነው፤ ጂፒኤስ አለው። ወደ ታች ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ ይቆጥራል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። በጨው ውኃና በጨው አልባ ውኃ ግን ፍጥነቱ ትንሽ ይለያል። መሣሪያው ሲገዛ "ባሕር" ላይ ተሞልቶ ስለነበር "ሐይቅ" ወደሚለው ቀየርነው። ይህን የሚረሳ ሰው ጣናን ትንሽ ጥልቅ አድርጎ ይሥለዋል።

ባሕር ላይ የሚሠሩት ብዙ ጨረር ያለው ሶናር አላቸው። መርከቧ አንዴ ስታልፍ ሰፊ ቦታ ትጠርጋለች። ያም ሆኖ በዓለም ውቅያኖስ ወለል ላይ በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው ገና ሩብ ያህሉ ነው። ለእኛ ያ ሶናር ቢገኝም ብዙ አይጠቅምም ነበር። የሚጠርገው ስፋት ከጥልቀቱ ጋር ይሄዳልና፣ ሁለት ሜትር ውኃ ላይ የሚያየው ቢበዛ ጥቂት ሜትር ነው።

ሶናሩን በብረት ቱቦ ከጀልባው ጎን አሠርነው። ትክክል ማንበቡን የፈተንነው በቡና መቁያ ብረት ምጣድ ነው። ምጣዱን በገመድ ሁለት ሜትር አወረድነውና ሶናሩ ምን እንደሚል አየን። ሶናሩ ራሱ ከውኃው ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ 1.7 ማለት አለበት። እሱም 1.7 አለ። ምጣዱን ያዋሱን እናት "ምን ልትቆሉ ነው?" ብለው ነበር።

ከዚያ ጭቃው መጣ። ምልክት ባለው ዘንግ ስለካ ጥልቀቱ ከሶናሩ 40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝ። ለካስ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራ ሶናር፣ የእኛው 200 ኪሎ ኸርዝ ነው፣ ከለስላሳው ጭቃ አናት ላይ ይነጥራል። ዘንጉ ግን ያንን ገንፎ አልፎ ጠንካራው ላይ ይቆማል። የትኛው ነው ወለሉ? ለዚህ የፈረዱት ጋሼ ናቸው። "ለስላሳው ጀልባ አያቆምም፤ ግን ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትን ውኃ ሲስብ ጭቃ ይውጣል። ከዚያ ሞተሩ ይግላል።" ስለዚህ የሶናሩን ያዝን።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያውን ጧት ጀልባዋን ከዳሩ ጋር ትይዩ አስኬድኳት፤ ምክንያቱም ይቀላል። አርፍደን ስለጀመርንም ቀትር አለፈ። ጣና ጧት እንደ ዘይት ይተኛል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ግን ሌላ ነው። ማታ ዳታውን በስሪዲ ሳየው ወለሉ ልክ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል። አብሮኝ የነበረው ወጣት በጣም ተደሰተ። "ከውኃ በታች የጥንት እርሻ አገኘን!" አለ። እርሻ አልነበረም። ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ሲያደርጋት ሶናሩ ያንን ወለል ላይ ጻፈው። በመስመሮቹ መካከል የቀረውንም ባዶ ሶፍትዌሩ እንደለመደው ሞላው። የዚያን ቀን ዳታ ጣልኩት።

ቀሪዎቹን ሦስት ጧቶች ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። መስመሮቹን ከሐይቅ ወደ ዳር፣ ቁልቁለቱን አቋርጠው እንዲሄዱ አደረግናቸው። ጀልባ የማይገባበትን ደግሞ እኔና ወጣቱ ዘንግና ጂፒኤስ ይዘን በእግራችን ለካነው። የሥዕሉ ባዶ 70 ሜትር የተሞላው እንደዚያ ነው። እስከ ወገባችን ጭቃ ሆነን፣ ደንገል ውስጥ።

አንድ ቀን ደግሞ በአሮጌ የወረቀት ካርታ ጉዳይ ባከነ። ስካን አድርጌ ስጭነው ዳሩ ከመቶ ሜትር በላይ ተንሸራተተና ግማሽ ሰፈር ውኃ ውስጥ ገባ። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ ይጠቀማል። ሶፍትዌሩ ይህን ያስተካክላል፤ ግን መንገር አለብህ። እኔ አልነገርኩትም።

ከጀልባው ወለል ሲታይ

ዳታው ሲጠራ ነገሩ ግልጽ ሆነ። አዲሱ ቦታ ላይ ገደል የለም። ጭቃማ ሜዳ ነው። በእኛ ዜሮ ሲለካ አንድ ሜትር ውኃ የሚገኘው ከዳር 140 ሜትር ርቆ ነው። ማረፊያው እዚያ ቢዛወር ኖሮ በግንቦት እንግዳውን በሸክም ማውጣት ሊያስፈልግ ነው።

የድሮው ማረፊያ ፊት ግን ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። ወደ ዳሩ በሰያፍ የሚገባ ጠባብ ቦይ አለ። ጀልባዎቹ ቀጥ ብለው ስለሚመጡ ቦዩን አቋርጠው አንዲት ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ጭቃ የሚነኩት እሷ ላይ ነው። ጉብታዋ 12 ሜትር እንኳ አትሰፋም።

ይህን ለነጂዎቹ ማሳየት ከመለካቱ በላይ አስቸገረኝ። ቁመቱን 10 እጥፍ አድርጌ፣ "10 እጥፍ የተጋነነ" ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ከላይ እንደ ወፍ አሳየኋቸው። በትሕትና ዝም አሉ። ያኔ ጋሼ እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ ጭነው "ልጄ፣ እኛ ጣናን ከላይ አይተነው አናውቅም" አሉኝ። "እስቲ ከጀልባዬ ላይ አስቀምጠኝ።"

የስሪዲው ካሜራ ይህን ያደርጋል። ዝቅ አድርጌ ከውኃው ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሐይቁ ወደ ከተማው አዞርኩት። ዳሩ ላይ የሚያውቋቸውን ምልክቶች አቆምኩ፤ የዋርካውን አናት፣ የስልክ አንቴናውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት። ክፍሉ ወዲያው በወሬ ተሞላ። "እቺ ጋ ነው ባለፈው የተቀረቀርኩት!" "አይ፣ አንተ ከእሷ በስተግራ ነበርክ!" ወጣቶቹ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እየጫኑ ተከራከሩ።

ነጂዎች ድሮም በምልክት ነው የሚሄዱት። ሁለት ነገር መርጠው አንዱን ከሌላው ኋላ ያሰልፋሉ፤ ተሰልፈው እስከቆዩ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ቦዩ መሐል ላይ አድርጌ በዝግታ ወደ ዳር ነዳሁት። ዋርካውና አንቴናው ገጠሙ። እስከ ማረፊያው ድረስም እንደገጠሙ ቀሩ። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። "አባቴ ዋርካውን ከጉልላቱ ጋር አግጥም ይለኝ ነበር። አንቴና አልነበረም ያኔ። ቦዩ ፈቀቅ ብሏል ማለት ነው።"

የማዛወሩ ነገር ቀረ፤ መዋጮውም ለባለቤቶቹ ተመለሰ። በቦዩ ግራና ቀኝ ቢጫ ጀሪካኖች በድንጋይ ታስረው ተንሳፈፉ። በዚያ ግንቦት ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ጭቃ የነካ ጀልባ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ነጂ ስልክ እያወራ ነበር።

ክረምት መጣ። ግማሾቹን ጀሪካኖች ማዕበልና እንቦጭ ይዟቸው ሄደ። በጥቅምት እንደገና ወጥተን ጉብታዋን ብቻ ለካናት። ወደ ቦዩ አራት ሜትር ያህል ተጠግታለች። ካርታውን አስተካክዬ አዲሱን ወረቀት ስለጥፍ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ቀለሙንም ገጽታውንም አላዩም። ከታች ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል የጻፍኩትን የልኬት ቀን ፈልገው አገኙ።

"ይሄን ከርዕሱ በላይ ውሰደው" አሉኝ። "አሳድገህም ጻፈው።"